የቀዩ ውሃ ሁለተኛ ዙር

ሰኞ፣ ጥር 6
ነገሩ ከሥሩ ይህ ነው። ቀለም የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ ይለጠፍባቸዋል። የማቅለሚያ ፋብሪካውን ቀይ ውሃ አጥርተው ሲጨርሱ ማግኔት ከጠርሙሱ ውጪ ይያዝና ግድግዳው ላይ ይሰበሰባሉ። ውሃው ይደፋል፣ እነሱ ታጥበው ለሌላ ዙር ይገባሉ።

የእህቴ ልጅ ይህን የምትሠራው በጓሮዬ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ዙር ጠራ። ሁለተኛው... ደም መስሎ ቀረ። የፋብሪካው ኃላፊ ዓርብ ይመጣል። "አንዴ ብቻ የሚሠራ ነገር አያዋጣኝም" ብሏታል። ካልሆነ ቀለሙ ወደ ወንዙ መውረዱን ይቀጥላል።

ማክሰኞ፣ ጥር 7
ሙቀቱን ጨመረች፣ ስኳር አከለች፣ ማግኔቱን ቀየረች። ሁሉንም በአንድ ጠዋት።

"ቢሠራ የትኛው እንደሠራ በምን ታውቂያለሽ?"

"ጋሼ፣ ብቻ ይሥራልኝ፤ ስሙን በኋላ እጠይቀዋለሁ።"

ሳቅሁ። ግን አንድ በአንድ ነው። ሌላ መንገድ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥር 8
ፊቴን ስታጠብ ውሃው በረኪና በረኪና አለኝ። ጀርም እንዲገድል ይጨምሩበታል... እጄ ሳሙና እንደሆነ ወደ ጓሮው ክፍል ሄድሁ።

"በምንድን ነው የምታጥቢያቸው?"

"በቧንቧ ውሃ።" የበረኪናውን ሽታ ነገርኋት። ከዚያ፣ "ወይ ጉዴ! በገዛ እጄ ፈጀኋቸው።"

ከማራቢያው ዕቃ አዲስ ባክቴሪያ ቀድታ ለሁለት ጠርሙስ አካፈለች። ሲጠሩ አንዱ በቧንቧ ውሃ፣ ሌላው በረኪናው እስኪወጣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይታጠባል። ሌላው ሁሉ እኩል። ይሆናል።

ሐሙስ፣ ጥር 9
ሁለቱም ጠሩ። ታጠቡ። ሁለተኛው ዙር ገባ።

ዓርብ፣ ጥር 10
በቧንቧ የታጠበው ቀይ እንደሆነ ነው። ሌላኛው ጠራ። ኃላፊው አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረው።

"መምህር፣ ይሄ ከቧንቧ የተቀዳ ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለኝ?"

ደህና ጥያቄ ነው። እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። ማግኔቱን በእጁ አስያዝሁት። ጥቁሩ ብናኝ ከነባክቴሪያዎቹ ግድግዳው ላይ ተሰበሰበ። ውሃውን ራሱ ደፋ። ፈልቶ በቀዘቀዘው ውሃ ታጠቡ። ካመጣው ጀሪካን ቀዩን ራሱ ሞላ፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽጎ ፈረመበት።

"ይሄ ከጠራ የፋብሪካውን ቱቦ ከወንዙ ወደ ማጥሪያ አዞራለሁ።"

"ያዙሩ እንግዲህ" አልሁት።

ሰኞ፣ ጥር 13
ጠራ። ከጠርሙሱ ኋላ ጋዜጣ ይዤ በውሃው አሻግሬ አነበብሁ።

"ጋሼ፣ አንተ ጻፍለት፤ እኔ ለሚቀጥለው ዙር ውሃ ላፍላ" ብላ ስልኬን አቀበለችኝ። ለኃላፊው ይህን ላክሁ፦

"የፈረሙበት ጠርሙስ ጠርቷል። አልነካነውም፤ መጥተው ራስዎ ይክፈቱት። ቱቦውን የሚያዞሩበትን ቀን ግን ዛሬውኑ ያሳውቁን።"