የፌርማታው ፎቶ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን

ለአኩራፊው ባሌ፣

እንዴት ከርመሃል? እኔና ልጅህ ደህና ነን፤ ይኼ ደህና ከተባለ። «ለሳምንት ወንድሜን በስፌት ሥራው ልርዳው» ብለህ ወጥተህ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ያንተ ሳምንት ስንት ቀን እንዳለው አንተው ታውቃለህ።

«የማስታወቂያሽ አሻንጉሊት አይደለሁም!» ብለህ በሩን ድርግም አድርገህ ስትሄድ ፖስተሩ ገና አልተሰቀለም ነበር። ስላላየኸው ልንገርህ፤ አምሮብሃል። ከሱቃችን ፊት ለፊት ባለው የአውቶቡስ ፌርማታ፣ መስታወቱ ውስጥ፣ ሜትርህን አንገትህ ላይ ጣል አድርገህ ቆመሃል። እኔ ከጎንህ ነኝ፣ እጄ ትከሻህ ላይ። ከሥር «ባልና ሚስት ልብስ ሰፊዎች፤ እሷ ቀሚሱን፣ እሱ ሱፉን» ይላል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲገባው ብለን በአራት ቋንቋ አስጽፈነዋል። ልጅህ ትምህርት ቤት ስትሄድ አውቶቡሷን እየጠበቀች መስታወቱን በእጅጌዋ ትጠርግልሃለች። ተይ ብላት አትሰማም፤ የማን ልጅ ሆና!

የሚያናድደኝ ማስታወቂያው መሥራቱ ነው። ሰው ከአውቶቡስ ይወርድና ሱፉን ታቅፎ ይገባል፤ ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ «ሰውየውስ?» ይለኛል። ምን ልበል? አኩርፎኝ ሄዷል ልበል? ለዳቦ ጋጋሪዋ ወገቡን አሞት ሐኪም ቤት ተኝቷል አልኳት። ለስልክ ጠጋኙ አጎቱ ሞተው ለቀብር ሄዷል አልኩት፤ አጎትህ ይቅር ይበሉኝ፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ለመምህሩ ደግሞ ሥልጠና ላይ ነው አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ውሸት ግን ማደሪያም አላገኘ። ባለፈው ዝናቡ ሲወርድ ሦስቱም የት ተጠለሉ መሰለህ? አንተው ሥር! ፎቶህን አዩ፣ ስላንተ አወሩ፣ ከዚያ ተያይዘው መጡልኝ።

«እኔ ለበሽተኛው ብርቱካን ይዤ ነበር» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«እኔ ደግሞ እግዜር ያጥናችሁ ልል ነበር» አለ ስልክ ጠጋኙ።

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ «ለመሆኑ ሥልጠናው የምንድን ነው?» አለኝ።

«የኩርፊያ» አልኩት፤ አመለጠኝ።

አንዳቸውም አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ወጣች። መምህሩን እጅጌው እንዲስተካከልለት ያመጣውን ኮት መልሰህ ውሰድ ብለው «ግዴለም፣ እስኪመጣ ይቆይ» አለ። እኔም እልህ ይዞኝ እጅጌውን ራሴ ፈትቼ ገጠምኩት። ተንጋደደ። ደግሜ ፈታሁት፤ ባሰበት። ይኸው መስቀያው ላይ አንድ ትከሻውን ሰቅሎ ያየኛል። ደክሞኛል፣ አንተ ሰው። ቀሚሱንም፣ ሱፉንም፣ ውሸቱንም ለብቻዬ አልችልም።

ሰኞ ዕለት ፖስተር ቀያሪው መስታወቱን ሊያጸዳ ሲመጣ ሮጬ ወጣሁና «እባክህ ይኼን ሰውዬ አንሳልኝ» አልኩት። ሰውየው መሰላሉን አቁሞ አንተንም እኔንም አየን።

«እናቴ፣ አንድ ወረቀት እኮ ነው። እሱን ብቆርጠው እጅሽ አብሮት ይሄዳል። እጅሽን ላስቀር ካልኩ ደግሞ ትከሻው ካንቺ ጋር ይቀራል። የቱ ይሁን?»

«ተወው» ብዬው ገባሁ።

በወሩ መጨረሻ ፖስተሩ ይቀየራል፤ አዲስ ፎቶ አዘጋጁ ብሎናል። አዘጋጁ ያለው ለሁለታችን መሆኑ ነው፤ እሱ ምን ያውቃል። ና ብዬ አልለምንህም፤ አመሌን ታውቀዋለህ። ሰማያዊ ሸሚዝህን ግን አጥቤ ተኩሼዋለሁ፤ ቁምሳጥን ውስጥ እንዲሁ ከሚጨማደድ ብዬ ነው። ካልመጣህ ፎቶውን ብቻዬን እነሳለሁ። ትናንት መስታወት ፊት ቆሜ ሞከርኩት፤ ፊቴስ ደህና ነው፣ እጄን የት እንደማደርገው ነው ያጣሁት።

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ። ወገብህን አደራ፣ ብርድ እንዳያገኘው፤ የዋሸሁበት ነገር ደርሶ እንዳያስፈራኝ።

ከጎንህ የቆምኩት፣
ሚስትህ