በር ጀርባ የቀረው ኮት

ተሾምዬ፣ የልጄ አባት፤ እንደምን አለህ እንዳልልህ መልስ የለህም። ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጅጅጋ እንደምታውቃት ናት፤ ነፋሱ በራችንን ሲያንገጫግጭ ይውላል።

ዮኒ አድጓል፤ ትከሻዬ ላይ ደርሷል። አሁንም አይናገርም። የለስላሳ ቆርኪዎቹን መስኮቱ ሥር ይደረድራል፤ አንዷን ሰው የነካበት እንደሆነ ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠዋል። እንቅልፍም እንደ ድሮው እምቢ ይለዋል። ሆዱ ሲደርቅ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ማጋጨቱ ግን ቀንሷል፤ ጎረቤታችን ሃሊማ የምታመጣለት የግመል ወተት ሆዱን ያላላለታል። ሰው ሁሉ ልክፍት ነው ሲል፣ ሆዱን ዳብሰህ ይሄ ልጅ እኮ አሞታል ያልከው አንተ ነህ። ሐኪሙም ያለን ይህንኑ ነበር፤ ዝምታው አንድ ነገር ነው፣ የሚጥለው በሽታ ሌላ፣ ሆዱም ሌላ፣ ሁሉን በአንድ ስም ጠርታችሁ አትተዉት ብሎ። ለዝምታው መድኃኒት የለውም፤ ለሚጥለው ግን ክኒን ሰጠን።

የክኒኑን ነገር ልንገርህ። ማታ ከሥራ ስትገባ ኮትህን ሳታወልቅ የምታጎርሰው አንተ ነበርክ። ያን ዕለት መኪናህን ይዘህ ወደ ደገሀቡር ስትነሳ፣ ሙቀት ነው ብለህ ኮትህን በር ጀርባ ሰቅለኸው ሄድክ። መኪናህ ተገልብጣ አስከሬንህ መጣ። ከዚያ ወዲህ ዮኒ ክኒኑን ከእኔ እጅ አልወስድም አለ። በማር ለወስኩት፣ በወተት ደበቅኩት፤ ተፋው። በሣልስትህ ለቀስተኛው መካከል በሽታው ጣለው። ሲነቃ፣ ምን እንደመራኝ አላውቅም፣ ኮትህን ለብሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተውን እጅጌህን አሸተተና አፉን ከፈተ።

በአርባህ ልብስህ ሁሉ ለነዳያን ሲሰጥ ኮትህን አስቀረሁ። እህትህ ተቆጣችኝ። የሟች ልብስ ለብሳ የምትቀመጥ ሚስት የት ታይታለች፣ ነፍሱን ለምን ታስጨንቂያታለሽ አለችኝ። ምን ልበላት? አንድ ማታ ብተወው ልጄ ይወድቃል።

ሽታው እየለቀቀ ሲሄድ ጓደኛህ ከድር ናፍጣ የነካው ጨርቅ ከጋራዥ ያመጣልኛል፤ እጅጌውን አብስበታለሁ። አንዳንዴ እፈራለሁ። ከእጅጌህ የሚወጣው እጄ ያንተ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ እርሽው፣ ተጽናኚ ይለኛል። በየማታው የምለብሰውን ሰው እንዴት አድርጌ ልርሳው?

ትናንት ማታ እንደ ልማዴ ለብሼ ቀረብኩት። ዮኒ ድሮም የሰው ፊት አያይም። ትናንት ግን ቀና ብሎ፣ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ በሩን አየና፣ ለአንተ ብቻ የሚስቀውን ሳቅ ሳቀ። ከዚያ አፉን ከፈተ። አጎረስኩት። ዞር ብዬ አላየሁም።

አልረሳህም፤ ኮቱ ቢያልቅ እጅጌውን ፈትቼ ሌላ ልብስ ላይ እሰፋዋለሁ። እህትህ እንዳለችው ነፍስህ እዚህ በር ጀርባ ታስራ ከሆነ፣ ይቅር በለኝ ተሾምዬ። ልጅህ ከእኔ እጅ መዋጥ እስኪለምድ ድረስ አለቅህም።