ነጭ ጓንት በአዋሽ ሙቀት

ይድረስ ሰመራ ለምትኖሪው እህቴ እድላዊት። የአዋሽ ሙቀት እየቀቀለን ነው እንጂ ሁላችንም ደህና ነን፤ አንቺስ?

አክስታችን ውብነሽ በደርግ ጊዜ የተሞሸረችበትን ቀሚስ ከሻንጣ አውጥታ በእኔ ልክ እያጠበበችው ነው። ትከሻው ውስጥ ያለው ስፖንጅ ለፍራሽ ይበቃል! በዚህ ንዳድ ነጭ ጓንትም አጠለቀችልኝ።

«ወግ ነው፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ!» ትለኛለች።

«ወጉ ካማረሽ ራስሽ ልበሽው!» ብዬ ጮህኩባት።

ዲቾቶ ከተማ ላይ ሆቴል ያላቸው ጋሽ በላይ ደግሞ በመጡ ቁጥር «ቀሚሱ ለእሁድ ይደርሳል?» ይላሉ። ምን አገባቸው? ልብስ ሰፊ ናቸው? የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜንማ አክስቴ ሳትጠይቀኝ ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው!

እሷ ቀሚሱን ባጠበበች ቁጥር እኔ እልህ ይዞኝ ፓስታ ደራርቤ እበላለሁ። ትናንት ዚፑ ፈነዳ። ዛሬ ግን አዲስ ዚፕ ገዝታ መጣች።

እባክሽ ከእሁድ በፊት ነይ። ዩኒፎርም ይዘሽልኝ ነይ፤ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ወፍሬያለሁ።

በሰላም ያገናኘን፤ እህትሽ ኩኩ።