ትኋን ይዞ የመጣው ቀዩ ጊታር

ማሙሽ፣

እማዬን ይዤ አክስታችን ቤት ሄጃለሁ። አትደውልልኝ፤ ድምፅህን ከሰማሁ ክፉ ያናግረኛል።

ትናንት ከሰው ገዝተህ እሷ አልጋ ላይ ያጋደምከው ቀዩ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቦርሳውን ትኋን ወርሶታል። ገና ከሆስፒታል የወጣች ሴትዮ ሌሊቱን ሙሉ በትኋን ስትበላ አደረች፤ ክንዷ ሁሉ አብጧል። «ምነው ዝም አልሽ?» ስላት «ልጁ በዕቃው ደስ ብሎት ሳለ ምን ብዬ ላስከፋው?» አለችኝ።

እኔን አሁንም ሰውነቴን ያሳክከኛል። ቦርሳው ላይ የነበረው የዚያ የማላውቀው ሻጭ የላብና የሲጋራ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣም።

አንሶላውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፈው። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጣው። ቦርሳውን ደጅ አቃጥዬዋለሁ። ጊታሩን ሳወጣው በሩ መትቶት አንገቱ ተሰበረ።
አውቄ አይደለም።
በቃ፣ ይቅርታ።

ግን ንገረኝ፤ ግድግዳው በጊታር ሞልቶ ሳለ «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» እያልክ የሰው ውዳቂ የምትሰበስበው ለማን ነው? አንዱንም ስትጫወት ሰምተንህ አናውቅም።

እማዬ «ደህናውን መርጦ ይምጣና ያጫውተኝ» ብላለች።

ና። መጀመሪያ ግን ገላህን ታጠብ።