ከሸኹ ደን ያነሳሁት ዱላ

ጨፋ፣ ጥር 1952

ነገረኛዋ የእህቴ ልጅ ሶፍያ፣

ይህን ካርድ የሠራው ሰው ይከሰስልኝ! መዳፍ አታክልም፤ ግማሿንም ቴምብር በላው። ግን ስሚ፦ ከከሚሴ ሰንበቴ ስሄድ አንዴ እንኳ መኪና ላይ ከወጣሁ ጢሜን ልትላጪኝ አልተወራረድንም? ይኸው የቦርከናን ወንዝ ዳር ይዤ በእግሬ ግማሹን ጨረስኩ!

ዛሬ በሸኹ መቃብር ዙሪያ ባለው ጥንታዊ ደን አለፍኩ። የዋርካው ግንድ የደሴን ባሕር ዛፍ ስንደዶ ያስመስለዋል። ጦጣዎቹም እንዳንቺ ከላይ ሆነው ይስቁብኛል። ጉልበቴ ቢያመኝ የወደቀ ቅርንጫፍ አንስቼ፣ እየተመረኮዝኩና እያንጎራጎርኩ ወንዙን ተሻገርኩ። ማዶ እመት ሙሚና የሚባሉ ባልቴት «አካም ጅርታ?» ብለውኝ ሰላምታቸውን ሳልመልስ ዱላውን አዩት።

«ይሄ የሸኹ እንጨት ነው! ከዚያ ደን ደረቅም አይነሳ።»

«እናቴ፣ ወድቆ እኮ ነው ያገኘሁት።»

«የወደቀ ሁሉ ያንተ ነው? አንተ ብትወድቅ እኔ ልውሰድህ?»

እየሳቅሁ ወንዙን መልሼ ተሻግሬ ካነሳሁበት አኖርኩት። አሁን ጀይላን የሚባል የእመት ሙሚና ጎረቤት ገበሬ ቤት ተቀምጬ ጉልበቴን አሻለሁ። ያለ ዱላ ግን ነገ መኪና መለመኔ ነው። ወይኔ ጢሜ! ምላጭሽን ስትስይ ታየኝ።

ቦታ አለቀ። እናትሽን፣ ወንድምሽን አብዶን፣ ያችን ተናካሽ ድመትሽንም ሳይቀር ሰላም በይልኝ። አላህ ያቆያችሁ።

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። አልሐምዱሊላህ! እመት ሙሚና ናቸው፤ ከገዛ ጓሯቸው የክትክታ ዱላ ቆርጠውልኝ መጡ። ምላጩን መልሺው!

አጎትሽ ሙሀመድኑር