የጋሽ ዓባይነህ ዋስትና

ሲልቨር ስፕሪንግ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለፊልሞን፤

እንዴት ከርመሃል? መቼም እስር ቤት ያለን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሹፈት ይመስላል፤ ሌላ መጀመሪያ ግን አላገኘሁም። ከቨርጂኒያ አንስተው ሉዊዚያና ከወሰዱህ ወዲህ ስልኩ ሁለታችንም እያለቀስን ያልቃል። ወረቀት ላይ ባለቅስ አትሰማኝም ብዬ መጻፉን መረጥኩ።

"ይግባኙን ትቼ የመመለሻ ወረቀቱን ልፈርምና አገሬ ይላኩኝ" ያልከኝን ለጠበቃዋ ብቻ ነገርኳት። ይግባኙ ገና አልሞተም፣ ከፈረመ ግን ያበቃለታል አለችኝ። እኔም የራሴ የጥገኝነት ኬዝ ስላላለቀ ተከትዬህ ብወጣ መመለሻ የለኝም። ልጃችን ከሁለት አንዳችንን ታጣለች ማለት ነው።

ጋሽ ዓባይነህ በየሳምንቱ ከአሌክሳንድሪያ እኛ ቤት ይመጣሉ። ደውልላቸው ብዬህ እምቢ ማለትህን ያውቃሉ። ግቡ ስላቸው በር ላይ ቆመው "የኔ ምላስ ነው ያሳሰረው" ይላሉ። ልቆጣቸው እፈልጋለሁ፣ አንጀቴ እምቢ ይለኛል። "በር የሌለው ቤት ቤት አይደለም፤ እኛ ወረፋ ጠብቀን ነው የገባነው፤ መንግሥት ሕግ ቢያጠብቅ ምን አጠፋ?" እያሉ በየማኅበሩ ሲጨቀጭቁህ የኖሩ ሰውዬ፣ ያንተ የኢሚግሬሽን ቀጠሮ ሲደርስ ሱፋቸውን ለብሰው ዋስ ልሁን ብለው አብረውህ ሄዱ። በእኛ አገር ሰው ሲጠራ ሽማግሌ ይዞ ይቀርባላ! በየዓመቱ ለብቻህ ቀርበህ ስትመለስ ኖረህ፣ ዘንድሮ ዋስ ይዘህ ሄደህ ቀረህ። መስኮቱ ጋ ቆመው "ይሄ ልጅ ሌባ አይደለም፤ አሜሪካን ከረገጠ ጀምሮ አንድ ቀን ሥራ ፈቶ አያውቅም" አሉ። የሥራ ፈቃድህ ከዓመት በኋላ እንደመጣ በምን ይወቁት? ማመስገናቸው ነበር፤ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን ያለ ፈቃድ ሠርቷል ብሎ ጻፈው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉት ይኸው ነው። ጠበቃዋ እሳቸው ዝም ቢሉም ያስቀሩህ ነበር ትላለች። እሳቸው አያምኗትም።

ሰሊና ደህና ናት ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ትናንት ባስ ውስጥ ጃኬትሽን ዝጊ ስላት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "ማሚ ፕሊስ፣ እዚህ አማርኛ አታውሪ፣ ሰው እያየን ነው" አለችኝ። አማርኛ ይዛ እንድታድግ አንተ ስንት ለፍተህ! ተናደድኩባት። ከዚያ ቀና ስል እውነትም እያዩን ነበር። ጃኬቷን ራሴ ዘጋሁላት።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። "ፊልሞን እንዴት ነው?" ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምመልሰው አለቀብኝ።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር አትፈርም ልልህ ነበር። ለሰሊና ስትል ቻለው፣ ጥርስህን ንከስ ልል ነበር። ግን ባለፈው ስትደውል ድምፅህ ጠፋኝ። የገዛ ባሌን "ማን ልበል?" አልኩት። አንተም አልተቀየምክም፤ "እኔ ነኝ" አልከኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ ፊልሞን፤ እስካሁንም እንደፈራሁ ነኝ።

ቅዱስ ሚካኤል ካለህበት አይለይህ። ብርዱንም እሱ ያቅልልህ። ፈርም ብዬ አልጽፍልህም፣ እጄ አይታዘዘኝም። አትፈርም ማለት ግን ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ።

ሚስትህ ተናኘ