የአቶ ደጅይጥኑ ወልደ ኢየሱስ ሕይወትና የጃርቶቹ ዋሻ

አቶ ደጅይጥኑ ወልደ ኢየሱስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ኢየሱስ ገብረ አምላክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሬ ተሰማ፣ በዋግ፣ በጋዝጊብላ፣ የካቲት 16 ቀን 1939 ዓ.ም. በኪዳነ ምሕረት ዕለት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ፤ ዳዊትም ደገሙ። ወደ ዜማው ሲሻገሩ ግን ጉሮሯቸው እምቢ አላቸው። መሪጌታም ሁለት ክረምት ከታገሉ በኋላ ተስፋ ቆርጠው በ1950 ዓ.ም. ሰቆጣ አስኳላ አስገቧቸው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1959 ዓ.ም. ደብረ ዘይት ወረዱ፤ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥነው በ1961 ዓ.ም. ተመልሰው ሰቆጣ ላይ ሥራ ጀመሩ።

ሥራቸው በአብዛኛው በእግር ነበር። ክትባቱን በበቅሎ ጭነው ሰሃላ ይወርዳሉ፣ ዝቋላ ይሻገራሉ፤ ደስታ የሚባለው የከብት ቸነፈር የገባበትን በረት እየዞሩ ይከትባሉ። ልባቸው ግን ያለው መዥገር ላይ ነው። የከብቱ አልበቃ ብሏቸው አዳኝ የጣለውን አውሬ ሁሉ ያገላብጡ ነበር። ከሽኮኮ ጆሮ፣ ከሰስ ዓይን ሥር፣ ከጃርት ሆድ መዥገር በወረንጦ እየነቀሉ አልኮል ባለበት የፔኒሲሊን ብልቃጥ ያጠራቅማሉ። የሰቆጣ ሰው «አባት ዜማ ያወርዳል፣ ልጅ መዥገር ይለቅማል» እያለ ቢተርባቸውም አይቀየሙም። ለጠየቃቸው ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ የዱር እንስሳ መዥገሩ ከሚያመጣበት በሽታ ጋር ተላምዶ ይኖራል፣ በሽታውም በለመደው ገላ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፣ የሚነሣው ባዕድ ገላ ሲያገኝ ነው። በአገራችን ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ኋላ የሆነው የሚያንገበግበውም ለዚህ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የዝቋላን ልጅ ወይዘሮ አመተ ማርያምን በቁርባን አግብተው ጥሩሐረግንና አሥራተ ማርያምን ወለዱ። ወይዘሮ አመተ ማርያም ሳቂታ ነበሩ። ብልቃጦቹን ከአልጋ ሥር እንዲያነሡላቸው በየዓመቱ ለፋሲካ ይለምኗቸዋል፤ እሳቸውም በየዓመቱ እሺ ይላሉ። ብልቃጦቹ ግን ከአልጋው ሥር ወጥተው አያውቁም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሟቹ ራሳቸው ባዘዙት መሠረት እንጽፋለን። የሙት ወቃሽ አያድርገን፤ ቃሉ የእኛ ሳይሆን የእሳቸው ነው።

ጦርነቱ ሲከፋና ሰቆጣ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ። በ1981 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ሰማዩ ላይ የጦር አውሮፕላኑ ሚግ ሲመላለስ፣ አቶ ደጅይጥኑ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ባለቤታቸውንና ሁለቱን ልጆች ይዘው ዝቋላ፣ አማታቸው ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ዘንድ ወረዱ። መንደርተኛው ቤቱን ትቶ ገደሉ ወገብ ላይ ወዳለው ዋሻ ገብቶ አገኙት። የዋሻው አፍ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ከሰማይ አይታይም። አርባ ስድስት ነፍስ ቀን እዚያ ይውላል፣ ሌሊትም እዚያው ያድራል። ነጭ ልብስ ከላይ እንዳይለይ ነጠላውም ጋቢውም በጭቃ ተለውሷል። ሕፃን ሲያለቅስ፣ አብራሪው የሚሰማ ይመስል እናት አፉን በመዳፏ ትይዛለች። ፍርሃቱ እንዲህ ነበር።

በዋሻው ጥግ ጃርቶች ይኖሩ ነበር። የመንደሩ ሰው አይነካቸውም። ከጥንት ጀምሮ ወደዚያ ዋሻ የሚገባ ሰው በመጀመሪያው ቀን አንድ እፍኝ ማሽላ ይጥልላቸዋል፤ ባለቤቱን ያስከፋ እንግዳ አያድርም ይላሉ። አቶ ደጅይጥኑ ግን ጃርቶቹን ባዩ ጊዜ የታያቸው የነፍሰ ጡር ባለቤታቸው ገላ ነው። ስንት ዓመት ከጃርት ሆድ መዥገር ሲለቅሙ ኖረው፣ አሁን አመተ ማርያምን ከጃርት ጋር ሊያስተኙ ነው። በከብት ሲሠሩ የኖሩበት ሕግ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ከብቱን ከበረቱ ካወጣህ መዥገሩም በላዩ ላይ ሆኖ ይወጣል።

ጃርቶቹ ይውጡ አሉ። አማታቸው በአገራቸው ቋንቋ በኸምጣኛ ተቃወሟቸው። «እንግዳ መጥቶ ባለቤቱን ያስወጣል እንዴ? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ይተዋቸው፣ ልጄ» አሏቸው። እሳቸውም «እናቴ፣ እኔ እኮ የምፈራው ለልጅዎ ነው» ብለው መለሱ። ሰውም የተማረውን ሰምቶ አሮጊቷን ተወ። ጭሱ ከላይ እንዳይታይ ጭጋግ የወረደበትን ጠዋት ጠብቀው ደረቅ በርበሬ ዋሻው ውስጥ አጨሱ። ጃርቶቹ እያስነጠሱ ወጡ፤ አብረዋቸው የሚኖሩት ሽኮኮዎችም ተከተሉ። ጥጉ ተጠርጎ ቁርበት ተነጠፈበት። ደረቅና ሙቅ ስለሆነ ለነፍሰ ጡሯና ለሕፃናቱ ተሰጠ። ሰው ሁሉ መረቃቸው።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፤ ትኩሳት ገባ። መጀመሪያ ሕፃናቱን፣ ቀጥሎ ወይዘሮ አመተ ማርያምን ያዘ። ሦስት ቀን እንደ እሳት አንድዶ በአራተኛው ቀን በላብ ይወርዳል። አቶ ደጅይጥኑ ወባ ነው ብለው የነበራቸውን ክኒን አከፋፈሉ፤ ትኩሳቱም ሲወርድ ክኒኑ የሠራ መሰላቸው። በሳምንቱ ግን አገረሸ፤ ወርዶም እንደገና አገረሸ። ሁለት ሕፃናትና አንድ ሽማግሌ ሞቱ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ከሰማይ ሲጠበቅ የነበረው ሞት ከመሬት መጣ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የባለቤታቸውን ገላ በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሱ በወይዘሮዋ ወገብ ላይ ጥቃቅን የንክሻ ምልክት አዩ፤ የተጣበቀ መዥገር ግን የለም። ተነሥተው የወይዘሮ ወለተ ሰንበትን የዱቄት ወንፊት ተቀበሉ። ከቁርበቱ ሥር አቧራ ዝቀው ነፉ። ወንፊቱ ላይ ምስር የሚያህሉ፣ ቆዳቸው የተጨማደደ፣ አፈር የመሰሉ መዥገሮች ቀሩ። ጥቂት ቆይተው እግር አወጡና ወደ ጉልበታቸው መጓዝ ጀመሩ። አቶ ደጅይጥኑ ያን ቀን የፈሩትን ያህል ከሚግም ፈርተው እንደማያውቁ ነግረውናል።

ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባቸው። ይህ መዥገር እንደ ከብቱ ገላ ላይ ተጣብቆ አይከርምም። ኑሮው አቧራ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ ሲተኛ ወጥቶ ይጠጣና ወደ አቧራው ይመለሳል። አዳኝ በጣለው ጃርት ላይ አግኝተውት የማያውቁትም ለዚህ ነው። ጃርቶቹ ሲወጡ እሱ አልወጣም። የለመደው ገላ ሲጠፋበት ያገኘው የሕፃናቱንና የአመተ ማርያምን ገላ ነው።

እንውጣ ቢሉ ሰው አሻፈረኝ አለ። አንድ አዛውንት «መዥገር የገደለው ሰው አላየንም፤ ሚግ የገደለው ግን ጎረቤታችን ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። አቶ ደጅይጥኑም ጭቃ ያልነካው የቀረ አንድ ነጠላ አስመጥተው መዥገሮቹን በላዩ አፍስሰው በድንጋይ ደፈጠጧቸው። ነጠላው ቀላ። «ይህ የጃርት ደም አይደለም። ጃርቶቹ ከወጡ ወር አልፏል። የልጆቻችሁ ደም ነው» አሏቸው። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

በማግስቱ ወይዘሮ አመተ ማርያምን በቃሬዛ ይዘው ወጡ። ገላጣውን ተረተር ሲሻገሩ የሚግ ድምፅ መጣ፤ መደበቂያ የለም። ሁሉም በደረቱ ተኛ፤ አቶ ደጅይጥኑ በባለቤታቸው ላይ ተደፉ። አውሮፕላኑ አልፎ ሄደ። ከወንዙ ማዶ ባለው የድንጋይ ጥላ ሥር አረፉ፤ እዚያም በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ አመተ ማርያም ከነጽንሳቸው አረፉ። ከሌላው ሰው ግን ከዚያ ወዲያ አንድም አልሞተም።

መንደሩም አቶ ደጅይጥኑን «ያዳነን» ብሎ ጠራቸው። ያ ስም ነው የጎዳቸው። ሲጠሩበት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ሰው ግን ትሕትና መሰለው። ትኩሳቱን ያስገባው የጃርቶቹ መውጣት መሆኑን ያወቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ለመናገርም አንድ ዓመት ሙሉ ፈሩ።

ትኩሳቱ እሳቸውንም ይዞ አምስት ጊዜ አገረሸባቸው። የፊታቸው ግማሽ ደነዘዘ፤ በኋላም ልባቸው ደከመ። ከመሞታቸው ዘጠኝ ቀን በፊት ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው ታናሽ ወንድማቸውን፣ የዚህን ጽሑፍ ጸሐፊ ወልደ ሐዋርያትን አስጠሩ፤ የሰማኸውን ሳታሳምር ጽፈህ በቀብሬ ላይ አንብብ ብለው አስማሉት። እኔ ስሞት ያዳነን ሞተ ተብሎ እንዳይለቀስ፤ ጃርቶቹን አስወጥቼ በሽታውን ያመጣሁባችሁ እኔ ነኝ፣ አመተ ማርያምንም ያሳጣኋችሁ እኔ ነኝ አሉ። ደግሞም ማንም ወደዚያ ዋሻ እንዳይመለስ፣ ይህ መዥገር ሳይበላ ዓመታት እንደሚቆይ ንገሩልኝ ብለዋል። አቶ ደጅይጥኑ ግንቦት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. በቅዱስ ሚካኤል ዕለት በ43 ዓመታቸው አረፉ። እናታቸው ወይዘሮ ደብሬ፣ ልጆቻቸው ጥሩሐረግና አሥራተ ማርያም፣ አማታቸው ወይዘሮ ወለተ ሰንበትና ወንድማቸው አሉ።

ይህ ጽሑፍ ከቀብሩ በፊት ለወይዘሮ ወለተ ሰንበት ተነቦላቸዋል። እስኪያልቅ ሰሙ። ከዚያም «ያን ጠዋት በርበሬውን ከቤቴ አምጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህንንም ጻፉት» አሉ። ጻፍነው።

ከዋሻው የወጣችሁ፣ ልጆቻችሁን እዚያ የቀበራችሁ፣ ዛሬ በዚህ የቆማችሁ ሁሉ፣ አፈሩ ከመመለሱ በፊት ለወንድማችን እግዚአብሔር ይፍታ በሉልን፤ ለእናታችን ለወይዘሮ ወለተ ሰንበትም። አምላከ ሚካኤል የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ሰማዩ ጠርቷልና ከቀብሩ በኋላ ተሰብስባችሁ አትቁሙ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ።